የፎቶ ቤቱ ሰርቨር

ሰርቨሩ የተበላሸ ፋይል ባገኘ ቁጥር «ልጠግነው?» ይላል፤ ባለሙያዋም «አዎ»ን ትጫናለች። ከጠዋት ጀምሮ ሌላ ሥራ የላትም፤ ጣቷ ዛለ። የስንቱ ሙሽራ ፎቶ እዚያ ውስጥ ነው፤ ሌላ ቅጂ የለም። «ጥገናው እስኪያልቅ መብራት ብቻ አይጥፋብኝ» እያለች ትጸልያለች። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ደግሞ በየደቂቃው ብቅ እያሉ «ልጄ፣ አልደረሰም?» ሲሏት ደሟ ፈላ።

«ጋሼ፣ ሊያልቅ ነው፣ ትንሽ ይታገሡኝ! ለመሆኑ ምን ነክቶት ነው እንዲህ የሆነው?»

«እኔ እንጃ! እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምጠብቀው።» ሽማግሌው ጠጋ ብለው ማሽኑን በመዳፋቸው ዳሰሱት። «ውይ፣ ነደደ እኮ! እንዲህ ሲግልማ ሁልጊዜ አሳርፈዋለሁ» አሉና፣ እሷ አፏን ሳትከፍት፣ ሶኬቱን ከግድግዳው ላይ ቀስ አድርገው ነቀሉት።