መስቀያ አራት እና መስቀያ አንድ

ሻኪርቤ ናዚምን ይጠላዋል። ማልዲቭ ውስጥ ባለችው በዚያች ትንሽ ደሴት ይህን የማያውቅ የለም።

ከሁለት ዓመት በፊት የሻኪርቤ አንድ ልጅ፣ ሺናን፣ ከናዚም ጋር ባሕር ጠልቆ በሕይወት አልተመለሰም። ሠላሳ ሜትር ላይ ከሲሊንደሩ አየር የሚስብበት መተንፈሻ እምቢ አለው። ናዚም ከፊት ከፊት እየዋኘ ዞር ብሎ አላየውም፤ ዞር ሲል ደግሞ ነገር ካለፈ በኋላ ነበር። በቀብሩ ዕለት ሻኪርቤ በሰው ፊት «ባሕሩ አይደለም የበላው፤ አንተ ነህ» አለው። ናዚም ደሴቱን ለቆ ሄደ።

አሁን ተመልሷል። ሥራ ያገኘውም፣ ጉድ ነው መቼም፣ ሻኪርቤ የዕቃ ቤት ኃላፊ በሆነበት የጠላቂዎች ድርጅት ነው።

«የናዚምን ዕቃ ሌላ ሰው ይያዝለት» አለች የድርጅቱ ባለቤት ራዚያ፣ ገና በመጀመሪያው ቀን።

«የሱን እኔ ነኝ የምይዘው» አለ ሻኪርቤ። «ሌላ ሰው እንዳይነካብኝ።»

 

የዕቃ ቤቱ ደንብ የታወቀ ነው። ጠላቂው ጠዋት ጠልቆ ሲመለስ ዕቃውን ያስረክባል። ሻኪርቤ ጨዉን በንጹሕ ውኃ አጥቦ ጥላ ውስጥ ይሰቅለዋል፤ ከሰዓት ለሚጠልቀው መልሶ ይሰጠዋል። በመሀል ማንም አይገባም። የናዚም መተንፈሻ አራት ቁጥር ላይ ይሰቀላል። አንድ ቁጥር ላይ ያለው የሻኪርቤ የራሱ ነው ይባላል። ሽማግሌው መጥለቅ ካቆመ ቆይቷል፣ ያንን ግን በየቀኑ ይወለውለዋል።

ደሴቱ በሙሉ «ቤ» ብሎ፣ ታላቅ ወንድሜ እንደማለት፣ ያከብረዋል። ናዚም ግን ሻኪር ብቻ ነው የሚለው።

«የመተንፈሻህን ክዳን ሳትዘጋ ነው ውኃ ውስጥ የነከርከው» አለው ሻኪርቤ አንድ ቀን፣ ፊቱን ሳያየው። «እንደ ልማድህ።»

«ልማዴን ተወውና ዕቃዬን አትጎርጉር፣ ሻኪር።»

«መዝጋት ያለብህን አትዘጋም። አፍህንም ጭምር።»

በዘጠነኛው ቀን ናዚም የምሳ ሩዙን በዓሣ መረቁ ትቶ ተነሣና በዕቃ ቤቱ መስኮት አጮለቀ። ሻኪርቤ መተንፈሻውን ጠረጴዛ ላይ ፈታትቶታል። በቀጭን መፍቻ ከውስጡ አንድ ነገር አወጣና ኪሱ ከተተ። ሌላም ነገር ሲነካካ ቆየ፤ ጀርባው ስለከለለው አይታይም። ከዚያ መልሶ ገጠመው፣ አራት ቁጥር ላይ ሰቀለው፣ ቁልፉን ከበሩ በላይ አስቀምጦ የቀትር ሶላቱን ሊሰግድ ሄደ።

 ለራዚያ ቢነግራት ማን ያምነዋል? ጓደኛውን ባሕር ውስጥ ጥሎ የወጣ ሰው ተብሎ የለ። አልጠልቅም ቢል ደግሞ ሥራው ይቀራል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አለ በልቡ፣ ቁልፉንም አወረደ።

የራሱን መተንፈሻ አንድ ቁጥር ላይ ሰቀለና የሻኪርቤን ወሰደ። እንዴት እንደሚያብረቀርቅ! ለራሱ ሲሆንማ ያውቅበታል ሽማግሌው። ከአየር ሲሊንደሩ ጋር ገጥሞ ሁለት ጊዜ ሳበበት፤ አየሩ ደህና ነው። ጀልባዋ ላይ ወጣ፣ ሄዱም።

ሻኪርቤ ከመስጊድ ተመልሶ ዕቃ ቤት ገባ። ከአንድ ቁጥር ፊት እንደቆመ ቀረና ራዚያን ጠራት።

«ራዚያ፣ የናዚም ይኸው እዚህ ነው። ጎማው አልቆበት አሁን ነው የቀየርኩለት። በምን ሊጠልቅ ነው የሄደው?»

«የሚያብረቀርቀውን ይዞ ሲወጣ አይቼዋለሁ። የርስዎን ማለቴ ነው። ምነው ሻኪርቤ፣ ቁጭ ይበሉ እንጂ። አንድ ቀን ቢጠልቅበት ምን አለበት?»

«እሱኮ ሺናን የሞተበት ነው።»