የእናቴ ሙሾ

ሙሾ ዘፈን አይደለም የሚለኝ ማን ነው? በልጅነቴ መጀመሪያ የወደድኩት ዘፈን እሱ ነው። እናቴ አልቃሽ ነበረች። የሟቹን ስምና ሙያ በግጥም እያነሳች ሙሾ ስታወርድ ለቀስተኛው ሁሉ ደረቱን ይመታ ነበር። እኔም ጓሮ ገብቼ ለበዓል ለታረደው ዶሮ ያንኑ ዜማ አወርድለት ነበር።

ትናንት እናቴን ቀበርን። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ተነስቼ የመጀመሪያውን ስንኝ እንዳወጣሁ የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ደምሰው ማይክሮፎን እንደያዙ መጥተው ክንዴን ያዙኝ።

«ተይ ልጄ፤ ሙሾ በደንባችን ተከልክሏል።»

«ለአባትዎ ሙሾ ያወረደችው ማን ናት?»

«እናትሽ ናት።»

«ታዲያ እሷን በዝምታ እንድንሸኛት የፈረደባት ማን ነው?»

ጋሽ ደምሰው አንገታቸውን ደፉ።

«ይከልከል ብላ የለመነችን ራሷ ናት። ‹የአልቃሽ ልጅ ናት እየተባለ ልጄን የሚያገባት ጠፋ፤ ሙሾው ከቀረ ስሙም ይቀርላታል› ብላ አለቀሰችብን።»

ማይክሮፎኑን ከእጃቸው ወሰድኩ።

«እናቴ ሙታናችሁን ያለቀሰችላችሁ ሁሉ ስሙኝ። ያን ስም ያወጣልኝ ማን ነው? ይነሳና እዚሁ፣ በሕዝብ ፊት ይመልስልኝ።»