የካሳ ሻወር ቤት ቀለም ለምን ይላጣል

ካሳ ሰው ከገደለ ወዲህ መስኮት አይወድም። በተለይ የሻወር ቤቱን። መስኮቱ በጓሮ በኩል ወደ ማሽላው ያያል፤ የቆቦ ማሽላ ደግሞ ሲያሽት ፈረስን ከነጋላቢው ይውጣል። ስለዚህ ጣውላ መታበት።

ነገሩ የመስኖ ውሃ ነበር። ካሳ በተራ ተጣልቶ የፍቅሩን ታላቅ ወንድም ገደለ፤ ታስሮ ወጣ። ሽማግሌ ገባ፣ በመስቀል ተማማሉ፣ እርቁ እንዲጸናም እንደ አገሩ ደንብ ሁለቱ ቤቶች ተጋቡ። ደሙ ደረቀ ተባለ። ፍቅሩ ግን የእርቁን እንጀራ ሳይቆርስ ወደ አፋር ወረደ። ምን ያድርግ፤ በለቅሶው ቀን የቤቱ ሴቶች በሙሾ እየሸነቆጡ ወንድነቱን እስኪጠላ አዋርደውታል።

ካሳም አልተኛለትም። ከፍቅሩ በቀር የዚያን ቤት ሰው አይፈራም፤ ጋብቻው ይበቃዋል። ፍቅሩን ግን፣ ይምጣና ከወንድሙ ጎን አጋድመዋለሁ እያለ ይዝትበታል። ጠመንጃውን ከእጁ የሚያወጣው ገላውን ሲታጠብ ብቻ ነው። የእስር ቤት ሲሚንቶ ወገቡን ስለያዘው በሚያቃጥል ውሃ ይታጠባል፤ በዚያ በታፈነ ክፍል እንፋሎቱ እንቁላል ይቀቅላል።

ቀለሙ ታዲያ በምን አንጀቱ ይቻለው። አበጠ፣ ተሰነጠቀ፣ እየተላጠ ወረደ። አስቀባው፤ ደግሞ ተላጠ። ሚስቱ ኤልሳቤጥ ዝምተኛ ናት፤ በዚህ ነገር ግን አፍ አወጣች። የሚካኤል ማኅበር እኛ ቤት ነው፣ በሰው ፊት ልታዋርደኝ ነው ወይ ብላ ነዘነዘችው። ካሳ ጥይት ይችላል፤ ንዝንዝ አይችልም።

ቀለም ቀቢው መህዲ ከዋጃ መጣ። ካሳ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ በሩ ላይ ተቀመጠ። ሰውየው አሮጌውን ቀለም እስከ ሲሚንቶው ፋቀ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸ፣ ግድግዳው ሳይደርቅ ብሩሽ አላነሳም አለ። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ካሳን አልጣመውም። መህዲ ቀጥሎ ጣውላውን በስፓቱላው እጀታ ኳ ኳ አደረገው።

«ጋሼ ካሳ፣ ቀለሙን የሚልጠው ውሃው አይደለም፣ መውጫ ያጣው እንፋሎት ነው። ይሄን ካልከፈቱ ወላሂ በወርቅ ብቀባልዎም ይወርዳል። ሲታጠቡ ክፍት ይሁን። ለመሆኑ መቼ መቼ ነው የሚታጠቡት?»

ካሳ ደሙ ፈላ። አፈሙዙን አዙሮ የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቀው። መህዲ አያት ቅድመ አያቱን ቆጠረለት፤ የጠየቀው ቀለሙ የሚደርቅበትን ጊዜ ለማመቻቸት እንደሆነም ማለለት። ካሳ አላመነውም። ዋጃ ላሉት ዘመዶቹ ደወለ፣ ጎብዬ ላሉትም ደወለ። መህዲ ከፍቅሩ ጋር በደምም በጋብቻም አይገናኝም፤ መልኩንም አያውቀው።

ካሳ በራሱ አፈረ። የሰውን ልጅ በከንቱ እንዳስደነገጠ ገባው፤ ጣውላውንም በገዛ እጁ ነቀለው። መህዲ ቀባና ተመርቆ ሄደ። ቀለሙ ደርቆ ሲያበራ ኤልሳቤጥ ግድግዳውን በመዳፏ ዳሰሰችና ሳቀች። ካሳ በትዳራቸው ዘመን ሁሉ እንዲህ ስትስቅ አይቷት አያውቅም፤ ለአንድ ግድግዳ ይህን ያህል ዘመን ማኩረፏ ገረመው።

የዚያን ለት ቦይለሩን ራሷ አበራችለት። ጠመንጃውንም እንፋሎቱ እንዳያዝገው ብላ ከእጁ ተቀብላ ወጣች። ካሳ መስኮቱን ወለል አድርጎ ከፍቶ ውሃው ስር ገባ፤ ከጓሮ የሚመጣው ንፋስ እርጥብ ገላው ላይ ደስ አለው። ሳሙናውን ፊቱ ላይ እንደለቀለቀ፣ በመስኮቱ በኩል የሚስቱን ድምፅ ሰማ።

«ና ፍቅሩ፣ ና ወንድሜ፤ በዚህ በኩል ነው።»