አራት ቀጫጭን ብረቶች

"ኪሴን በርብሩኝ ብያለሁ እኮ!" ኢያቄም ከሕክምናው ወንበር ላይ ተስፈንጥሮ ተነሣ።

"በርብሬዋለሁ" አለ የጥርስ ሐኪሙ ዶክተር ወንዴ። "ኪስህ ውስጥማ አታስቀምጠውም። በመስኮት አቀብለሃል።"

"መስኮቱ የሚያየው ገደል ነው! ለማን አቀብላለሁ? ለጭላዳ?"

የጠፉት አራት ቀጫጭን ብረቶች ናቸው፤ በተቦረቦረ ጥርስ ውስጥ መሙያውን የሚጠቀጥቁባቸውና የሚያለሰልሱባቸው። ነርሷ የሻረግ ጠዋት ለኢያቄም ጥርስ ብላ፣ በነጭ ጨርቅ እንደተጠቀለሉ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣቸው ነበር።

"ቀሲስ ገብረመስቀል ታክመው እንደወጡ ያገለገለው ነው ብዬ ጠረጴዛው ላይ የቀረውን ጥቅል ለቅሜ ዕቃ መቀቀያው ውስጥ ከተትሁ" አለች። "ንጹሑን ብፈልገው የለም። ከኢያቄም በቀር ሰው አልገባም።"

ከኋላዋ መቀቀያው በእንፋሎት ያፏጫል።

ኢያቄም ላሊበላ ውስጥ የታወቀ መስቀል ቀራጭ ነው። ባለፈው ሳምንት ጥርሱን ሊያሳይ መጥቶ እነዚያን ብረቶች ሲያይ፣ "እንዲህ ያለች ብትኖረኝ የመስቀሉን ሐረግ በአንድ ቀን በጨረስሁ" ብሎ ነበር። ዶክተሩ ይህንኑ አሁን ለሦስተኛ ጊዜ አስታወሰው።

"ፖሊስ ልጥራ?"

የኢያቄም ድምፅ ወረደ። "ዶክተር፣ ለበዓሉ ሃያ መስቀል ታዝዣለሁ። ሌባ የቀረጸውን መስቀል ማን ይሳለማል?"

"እንግዲያስ ማል።"

"እምላለሁ!"

ቀሲስ ገብረመስቀል ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው፣ በማደንዘዣ የፈዘዘ ጉንጫቸው እስኪነቃ ይጠብቁ ነበር። ጠዋት ሲታከሙ ዶክተሩ "ሁለቱንም እጅዎን ወንበሩ ላይ ያድርጉ" ቢላቸው የያዙትን ጠረጴዛው ላይ አኑረው እንደ ተማሪ ታዘዋል። አሁን ወደ ውስጥ ጠርተዋቸው ጉዳዩን ነገሯቸው።

"ልጄ" አሉ በግማሽ ከንፈር፣ "በሐሰት የማለ ሰው ቤቱ አይቆምም። ወስደህ እንደሆነ አሁኑኑ ተናገር።"

"አልወሰድኩም፣ አባ።"

"ዓይኑን ይዩት አባ፤ ይሸሻል" አለ ዶክተሩ።

ቀሲስ አዩት። አዝነው ራሳቸውን ነቀነቁ። መስቀላቸውን የሚይዙት እንደ ልማዳቸው በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ነው፤ ከጉያቸው አውጥተው መፍታት ጀመሩ። የሻረግ አማተበች። ዶክተሩ ኮፍያውን አወለቀ። ኢያቄም ጎንበስ አለ።

በቀሲስ መዳፍ ላይ የተኙትን አራት ቀጫጭን ብረቶች አንድ በአንድ ተሳለመና ወጥቶ ሄደ።