ስንዱ የፋቀችው መስመር

በዚያ ዘመን በጭንቀት ደብተር ላይ የጻፉት ፍርሃት ከልብ ተነቅሎ ይወጣ ነበር። ስንዱም በየቀኑ እየጻፈች ሰላም አግኝታለች። አንድ ከሰዓት በኋላ የልጇን ካልሲዎች በእርጋታ እያጣጠፈች ሳለ ስልኳ ጠራ፤ የልጇ አስተማሪ ነበረች።

«የናርዶስ እናት፣ ምነው ቀሩ? ልጆቹ ሁሉ ከሄዱ ቆዩ፤ እሷ ብቻ በር ላይ ቆማ እየጠበቀችዎት ነው።»

ስንዱ አልደነገጠችም። አለመደንገጧ ግን ገረማትና ደብተሩን ገለጠች። በገዛ እጇ፣ በእርሳስ፣ «ልጄ አንድ ቀን ትጠፋብኛለች» ብላ ጽፋለች።

ላጲስ አንስታ መስመሩን ፊደል በፊደል ፋቀችው። ልቧ እንደ ድሮው ይደልቅ ጀመር፤ ነጠላዋን እንኳ ሳታነሳ ሮጠች።

ወደ ቤት ሲመለሱ ናርዶስ፣ «እማዬ፣ እጄን አሳመምሽኝ» አለች።

«ቻይኝ የኔ እናት» አለቻት ስንዱ፤ እጇን ግን አልለቀቀችም።