ከወንድሙ ደረት የወጣው አረር

ከወንድሙ ደረት የወጣውን አረር ይዞ ጠመንጃ ጠጋኙ ቤት ከገባ ጀምሮ መቀመጥ አልቻለም። ገዳዩን ይስማውን በዚያው አረር መልሶ ሊጥለው ነው። አረሩን ሰም ቀብቶ በጠመንጃው ልክ በተበሳ ቀዳዳ የሚያሳልፈው መጫኛ መሣሪያ ግን ጠጋኙን አያ ደምለውን እምቢ አላቸው።

«ክንድዎ ዛለ እንዴ?»

«ዝም በል! ሰሙ ረግቶ ይሆናል።»

ሰሙን አሞቁ፤ ቀዳዳውን ወለወሉ፤ እጀታው ንቅንቅ አላለም።

«የምንሽር ቀዳዳ አይደለም እንዴ? የእኔም የይስማውም ጠመንጃ ምንሽር ነው!»

«ነው። አረሩ ግን ወፈረ።»

ሽማግሌው ባለቀዳዳውን ብረት ፈትተው ሰፋ ያለውን፣ የአልቤን ጠመንጃውን ገጠሙ። አረሩ ሳይታገል አለፈ።

በመንደሩ አልቤን ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው።

«ኧረ ቶሎ በል፣ ይስማው ሊያመልጥህ ነው!» አለ አጎቱ ከደጅ፣ አልቤኑን እንደተደገፈ።