ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት

«ስሟን ከላይ አድርጊው» አለ አቶ ፍሬአብ፣ በእስከዳር ትከሻ ላይ አጎንብሶ። «ተሾመች ብለሽ ጀምሪ። የቀረውን እሱ ራሱ ይሙላው።»

እሱ የሚለው ኮምፒውተሩን ነው። የወረዳው ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ከሆነ ሦስት ዓመቱ ቢሆንም ኮምፒውተር ዛሬም ራሱን በራሱ የሚሞላ ነገር ይመስለዋል። ስለ ሳይበር ደኅንነት ሁለት ቀን ሠልጥኖ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ሞላሌ ከተማ ላይ ከእሱ ወዲያ አዋቂ ጠፋ። ሰርተፊኬቱን በፍሬም አስገብቶ ከወንበሩ በላይ ሰቅሎታል።

«ደብዳቤ አይደለም እኮ» አለች እስከዳር ለአራተኛ ጊዜ። ባለፈው ሳምንት በኢሜይል የመጣ አንድ ፋይል የመዝገብ ቤቱን ኮምፒውተር ቆልፎት፣ የጓሳን ጥብቅ ሥፍራ ሣር በተራ የሚያጭዱት ቀበሌዎች ዝርዝር ሳይቀር አልከፈት ብሏል። አዲስ አበባ ያሉት ባለሙያዎች የጠየቁት ቀላል ነገር ነው፦ ኢሜይሉ፣ ፋይሉ፣ ሰዓቱና የተከፈተበት አካውንት እየተለየ በየቦታው ይቀመጥ፤ የሌላው ወረዳ ኮምፒውተር አንብቦት ያንን ኢሜይል ገና ሲመጣ እንዲያግደው። ለዚሁ የተሠራ የፓይተን ላይብረሪ፣ ማለትም ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ኮድ፣ አለ፤ እስከዳር ኮዱን የምትጽፈው በእሱ ነው። አቶ ፍሬአብ ግን ይህንንም «ጉዳዩ» ብሎ የሚጀምርና ማኅተም የሚመታበት ወረቀት ካላደረግሁት ብሏል።

ጥፋተኛዋም ተገኝታለች። ሃያ ሁለት ዓመት በመዝገብ ቤት ፋይል ሲያወጡና ሲያስገቡ የኖሩት ወይዘሮ ተሾመች በሩ ሥር እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። እንደ አቶ ፍሬአብ ደብዳቤ ከሆነ ፋይሉ የተከፈተው በሳቸው አካውንት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ነው፤ በዚያ ሰዓት ቢሮው ውስጥ ከሳቸው በቀር ሰው አልነበረም። «በቸልተኝነት መክፈቴን አምናለሁ» የሚል ወረቀትም ትናንት አስፈርሟቸዋል። ዛሬ ይህ ሪፖርት ሲላክ የስንብት ደብዳቤያቸው አብሮ ይወጣል።

እውነቱን እንናገር ካልን እስከዳርም አላዘነችላቸውም። የይለፍ ቃላቸውን ወረቀት ላይ ጽፈው ስክሪኑ ላይ የሚለጥፉ ሴትዮ ያገኙትን ፋይል ቢከፍቱ ምን ይገርማል? አቶ ፍሬአብንም ትንቃለች፣ እሳቸውንም ትንቃለች፤ ቢሮውን በሙሉ ንቃ የጨረሰች ልጅ ናት።

ፋይሉ የተከፈተበትን ሰዓት ከአቶ ፍሬአብ ደብዳቤ ወሰደችና ላይብረሪው ወደሚፈልገው ወደ ግሪንዊች ሰዓት ቀይራ አስገባች። ሰነዶቹ ተቆልፈው ያለቁበትን ሰዓት ደግሞ ከኮምፒውተሩ የራሱ መዝገብ ገለበጠች። አስኬደችው። ስክሪኑ በቀይ ጽሑፍ ተሞላ።

«ምን አለ?»

«አልቀበልም አለ። ማለቂያው ከመጀመሪያው ይቀድማል ይላል።»

«ማሽኑ ነው የተበላሸው! ሠልጥኜበታለሁ እኮ፤ አጥፍተሽ አብሪው!»

እስከዳር አላጠፋችም። ደብዳቤውንና መዝገቡን ጎን ለጎን አድርጋ አየች። «ይህን ሰዓት ከየት አመጡት?»

«ከዚያው ከመዝገቡ ነዋ! ሦስት ከአሥራ ሁለት ይላል፤ ማንበብ አትችይም?»

ወይ ጉድ! ሰውዬው የፈረንጁን ቁጥር እንዳለ አንሥቶ «ከጠዋቱ» የሚል ለጥፎበት አርፏል። ይህን ይዞ ነው እንግዲህ የሰው እንጀራ የሚዘጋው።

«ይሄ የግሪንዊች ሰዓት ነው» አለች፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው ቀስ ብላ። «ሦስት ሲጨመርበት በፈረንጅ ስድስት ይሆናል። በእኛ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ። ያን ጊዜ ቢሮ ውስጥ ማን ነበር?»

የመለሱት ወይዘሮ ተሾመች ናቸው፤ ስለተጠየቀ ብቻ እንጂ ሰው ለማሳጣት አይደለም። «እኔስ ኪዳን ላይ ነበርሁ ልጄ። ቁልፉን ማታውኑ እሳቸው ወስደውታል፤ ደብረ ብርሃን ሳልሄድ በማለዳ የማትመው አለኝ ብለው። የሳቸው ኮምፒውተር እንቢ ሲላቸው በኔ ነው የሚሠሩ።»

አቶ ፍሬአብ ጉሮሮውን ጠረገ። ሰርተፊኬቱን አየ፣ መስኮቱን አየ። «እንግዲህ ሰዓቱ ያን ያህል አያስፈልግም። አውጪው።»

«ያለ ሰዓት አይቀበልም።»

«ተነሺልኝ!» ወንበሩን ነጥቆ ተቀመጠና በአንድ ጣቱ አንዱን መስመር አጠፋ። ቀይ። ሌላውንም አጠፋ። ቀይ። ሦስተኛውን ሲያጠፋ ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ። «ፋይሉ ማኅተም ነበረበት እኮ!» ብሎ ጮኸ ድንገት። «ማኅተም ያለበትን ወረቀት ማን አይከፍትም?»

እስከዳር ሳቋን አፍና ቁልፍ ሰሌዳውን ከፊቱ ሳበችው። እንደቆመች ያጠፋውን መለሰች፣ ሰዓቱን አስተካከለች፤ ኮምፒውተሩን ይጠቀም የነበረው ሰው በሚለው ቦታ የወይዘሮዋን ስም አጥፍታ «ፍሬአብ» ብላ ጻፈች። «አቶ» የሚለውን ተወችው። ላይብረሪው ምንም ሳያጉረመርም ተቀበለ፤ ላከችው።

«ፈርማለች እኮ!» አለ ኃላፊው፣ ድምፁ ቀጥኖ። «በገዛ እጇ ነው የፈረመችው! ማን አስገደዳት?»

እስከዳር ወደ በሩ ዞረች። «እውነት እትዬ፣ ካልከፈቱት ለምን ፈረሙ?»

«ማሽኑ አንቺ ነሽ ብሏል አሉኛ። ዛሬ ደግሞ ያንን ሰዓት አንቺም ስትጽፊው አየሁ፤ የተማረችው ከጻፈችው እውነት ቢሆን ነው አልሁ።» ወይዘሮ ተሾመች ያጣመሩትን እጃቸውን ፈትተው የቀኝ እጃቸውን ጠቋሚ ጣት አወጡ። «ሳላውቀው ነክቼው ይሆን ብዬ፣ ሌሊቱን ሙሉ ይችን ሳያት አደርሁ።»